ደርሶ መልስ የሌለው ዕቃ

ሰቆጣን ለሩቅ አገር ሰው ያስተዋወቃት ጨው ነው። ዋግ ሹም የሚባሉት የዋግ ገዢዎች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት እየቆጠሩ ለዘመናት ቢገዟትም፣ ውቅር መስቀለ ክርስቶስም በአጠገቧ ከአለት ተፈልፍሎ ቢቆምም፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነጋዴውና መንገደኛው ስሟን የሚያነሳው በገበያዋ ነበር። በአፋር በረሃ ከአርሆ ተጠርቦ የወጣው አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ዳገቱን እየቧጠጠ ሰቆጣ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ደጋው አገር ይበተናል። ከጨው ማውጫው በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ አሞሌ ዕቃም ገንዘብም ነበር። ነጋዴው ይቆጥረዋል፣ ባላገሩ ይሸምትበታል፣ ተሸርፎ ከገንዘብነት ሲወጣ ደግሞ ወጥ ውስጥ ይገባል።

የዚያ ዘመን ገበያ አንድ ጠባይ ነበረው። ጨው ያራገፈ አጋሰስ ባዶውን አይመለስም፤ እህል፣ ማር፣ ቆዳ ጭኖ ይወርዳል። የወጣው ዕቃም ወይ ይበላል፣ ወይ ይለበሳል፣ ወይ ቀልጦ ሌላ ነገር ይሆናል እንጂ ሬሳው ከተማ ውስጥ ተጋድሞ አይቀርም። እኔ ሰቆጣ ላይ መጀመሪያ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ኋላም ሞባይል ጠጋኝ ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በሙያዬ ዘመን ያየሁት ትልቁ ለውጥ ሬዲዮው ወደ ስልክ መቀየሩ አይደለም። ወደዚህ ደጋ የሚወጣው ዕቃ በዝቶ የሚመለሰው መጥፋቱ ነው። ዛሬ «የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ» እየተባለ በየስብሰባው የሚነሳው ነገር ለእኔ ከዚህ ገበያ ታሪክ የተለየ ጉዳይ ሆኖ አይታየኝም።

ከጨዉ ጋር አብሮ ይዞር የነበረው ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ከሞተች በኋላም 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ ሲቀረጽ የኖረ ገንዘብ ነው። አንድ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አብዛኛውም ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀል፣ አምባር፣ ድሪ ያወጣዋል። ልጅ ስትዳር አንገቷ ላይ ይውላል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ድሪው ተመዝኖ እህል ይሆናል። የብረቱም ነገር እንዲሁ ነበር። ማረሻ ተበልቶ ሲያጥር ለቀጥቃጭ ይሰጣል፤ ቀጥቃጩ ማጭድ ያደርገዋል፤ ማጭዱ ሲሳሳ ቢላ፣ ቢላው ሲያልቅ ወስፌ ይሆናል። ከወስፌ በታች ምንም የለም፤ እስከዚያ ለመድረስ ግን አንዱ ብረት የአያትና የልጅ ልጅ ዕድሜ ይፈጃል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ግን ክብር አልነበረውም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ከማኅበር ሲገለሉ፣ ከጋብቻ ሲከለከሉ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል የሚል መልእክት ያለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ምላስን ለጊዜው ቢገታም ልብን አልለወጠም። ይህን የማነሳው ያለ ነገር አይደለም። ዛሬም ቁርጥራጭ የሚለቅም ልጅ፣ ከቆሻሻ ክምር ሽቦ የሚያወጣ ጎልማሳ በዚያው ዓይን ይታያል። የተሰበረን ነገር መልሶ ሕይወት የሚሰጥ ሰው በአገራችን ሁልጊዜ ከሚሸጠው ሰው በታች ነው የሚቀመጠው።

ብረት በብዛት ወደ ዋግ የወጣው በጦርነት ነው። ጣሊያን ሲመጣ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ከዋግ አርበኞች ጋር ተነሥተው፣ በ1930 ዓ.ም. መባቻ በጀግንነት ወደቁ፤ ጠላትም አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ አደረገው። ያ ጠላት ተባርሮ ሲሄድ በርሜሉ፣ ጀሪካኑና ቆርቆሮው ቀረ። በደርግ ዘመን ደግሞ ዋግ ከጦር አውድማዎቹ አንዱ ሆነ። ከዚያ የተረፈውን ብረት ሕዝቡ አልጣለውም። የመድፍ ቀለህ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሆኖ ተሰቀለ፤ የተቃጠለ መኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የትምህርት ቤት ደወል ሆነ፤ የጥይት ሳጥን የእህል መስፈሪያ ሆነ። ሞትን ይዞ የመጣ ብረት ሁሉ እዚህ ሥራ ተገኝቶለታል።

የ1977ቱ ረሃብ ሌላ ዓይነት ቆርቆሮ አመጣ። ከዕርዳታው ስንዴ ጋር የሚታደለው የዘይት ጣሳ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ነው ዕድሜው የሚጀምረው። ክዳኑ ተቆርጦ መቅጃ፣ ተዘርግቶና ተቸንክሮ በር፣ ተጠቅልሎ ጭስ ማውጫ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ኩራዝ ይሆናል። ቆርቆሮ በያጁ ትንሽ ጣሳ ወስዶ አንገት ይሠራለታል፣ ከአሮጌ ጨርቅ ክር ይገምድለታል፣ ላምባ ሲገባበት ቤት ያበራል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት፣ ከእኔ በኋላ የመጡት ልጆችም ለፈተና ያጠኑት በዚያ ብርሃን ነው። አፍንጫችን ሲጠቁር ቢያድርም ኩራዙ ሲሰበር ጎረቤት ያለው በያጅ ይጠግነዋል፤ መጠገን ካቃተውም ብረቱ ዝጎ ወደ አፈር ይመለሳል። ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ ያነሳኋቸው ዕቃዎች ሁሉ መጨረሻቸው አንድም እሳት አንድም አፈር ነው፤ እሳቱም አፈሩም ተቀብለዋቸዋል።

መጨረሻው ያላማረ የመጀመሪያው ዕቃ በእኔ ግምት ሬዲዮ ነው፤ ከሬዲዮም የባትሪ ድንጋዩ። በእኛ አገር ሬዲዮ የቤት ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ዳኛም ምስክርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የጀመረውን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት፣ በ1982 የተከተለውን የአሜሪካ ድምፅ፣ የአዲስ አበባውን ዜናና ደርግን የሚወጉትን ታጋዮች ጣቢያ እያፈራረቁ የሚሰሙ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። አራቱ የተስማሙበትን እውነት ነው ይላሉ፤ ያልተስማሙበትን ነገ እንስማው ብለው ያድራሉ። ስለዚህ ሬዲዮ ሲበላሽ ሰውየው ራሱ የታመመ ያህል ነበር ወደ ሱቄ የሚያመጣው።

ሙያውን የተማርኩት ደሴ ነው። መምህሬ ቁጡ ነበሩ፤ የፈታሁትን ቡሎን መሬት ላይ ካስቀመጥኩ በፒንሳ ጫፍ ጣቴን ይሉኝ ነበር። ሰቆጣ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አንድ ቴስተርና ትንሽ የመበየጃ እርሳስ ነው። መብራት በሞተር ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለነበረ የኤሌክትሪክ መበየጃ አይታሰብም፤ ጫፉ የሾለ ብረት ከሰል ላይ አግዬ ነበር የምበይደው። የሬዲዮውን ጀርባ ስትፈታው መጀመሪያ የሚቀበልህ አቧራ ነው፤ ቀጥሎ ሙቀት ፈልጎ የገባ በረሮ። የጣቢያ መፈለጊያው ክር ከተበጠሰ በሰም ያሸሁትን የጥጥ ፈትል እተካበታለሁ፤ ሰሙ ሲበዛ ይንሸራተታል፣ ሲያንስ ይቆረጣል፤ ልኩን የሚያውቀው ጣት ነው። የድምፅ ማጉያው ወረቀት ከተቀደደ በደብተር ቅዳጅና በሙጫ ይለጠፋል። አንቴናው ከተሰበረ የብስክሌት ቸርኬ ሽቦ ይበቃዋል። ብዙውን ጊዜ ግን በሽታው ከድንጋዩ ቤት ነው። የቆየ ባትሪ ድንጋይ ፈስሶ ሞላውን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል፤ በምላጭ ፍቆ ማጽዳት ወይም በሌላ ሞላ መተካት ነው። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለኝ ገንዘብ ካለ ገንዘብ፣ ከሌለ እንቁላል፣ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ነጭ ማር ነበር።

ድንጋዩ ውድ ነው፤ ስለዚህ ሰው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያልበዋል። ለእጅ ባትሪ የደከመ ድንጋይ ለሬዲዮ ይሆናል፤ ሬዲዮ የሚጠይቀው ኃይል ከአምፑል ያነሰ ስለሆነ ሊቆይ ይችላል። ለሬዲዮም ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ በጥርስ ይነከሳል፤ ሲብስበት በጨው ውኃ የሚቀቅሉም ነበሩ። ፈጽሞ ሲሞት ለልጆች ይሰጣል። ልጆች ቀጥቅጠው ይከፍቱታል፤ በመሐሉ ያለውን የከሰል ዘንግ ድንጋይ ላይ ይጽፉበታል፤ ጥቁሩን ዱቄት መምህራን በውኃ አሽተው ሰሌዳ ያጠቁሩበታል። ያን ጊዜ እኛ በዚህ ብልኃታችን እንኮራ ነበር። ዱቄቱ ማንጋኒዝ መሆኑን፣ የጥንቶቹ ድንጋዮች ሜርኩሪና ካድሚየም የሚባሉ መርዞች ይቀላቀሉባቸው እንደነበር የነገረን አልነበረም። ልጅ በእጁ ዳስሶት በዚያው እጁ ቆሎ ይበላል። ለማረሻውና ለጣሳው የሠራው ብልኃት እዚህ ላይ ሲደርስ መርዙን ቤት ለቤት የሚያዳርስ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ማዕበል በመንግሥት በኩል ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። ከሳተላይት የሚወርድ ትምህርት በትልቅ ስክሪን ለተማሪው ይቀርብ ነበር፤ መምህሩ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። በዚያው ሰሞን ወረዳ ኔት የሚባለው መረብ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት ተዘረጋ። ዲሹ፣ ሪሲቨሩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ስታብላይዘሩ፣ ዩፒኤሱ እየተጫነ ዳገቱን ወጣ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ኃይል ሲመጣም ሲሄድም ስለሚመታ ዕቃው ዕድሜ አልነበረውም፤ የተበላሸውን የሚጠግን ባለሙያ ከሩቅ እስኪመጣም ሌላው ይበላሻል።

አንድ ጊዜ በዚያ ዘመን ከተጫኑት ዕቃዎች መለዋወጫ አገኝ እንደሆነ ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ነበር። ስክሪኖቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል፤ ከላያቸው ጀርባቸው የወጣ አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ከዚያ በላይ የሞቱ ፕሪንተሮች። በእያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፏል። «ከዚህ ውስጥ አንዲት ሽቦ ብትወጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አለኝ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ። እውነቱን ነው። የመንግሥት ንብረት እንዲወገድ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ይገመገማል፣ ይፈረማል፤ ይህ እስኪሆን ዕቃው አልጋ እንደያዘ በሽተኛ ይጠበቃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ! የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩትና ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት የአገር ጥናት ያገኙትም ይህንኑ ነው፤ ከጥቅም ውጪ የሆነው ኤሌክትሮኒክስ አብዛኛው አልተጣለም፣ በየመጋዘኑና በየቤቱ ተቀምጧል፤ በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከባድ ክምችት አላቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ ግምጃ ቤቱ አንድ ዓይነት ነው።

ሞባይል በአዲስ አበባ በ1991 ዓ.ም. ቢጀመርም ወደ ዋግ ተራሮች ለመውጣት ጊዜ ወስዶበታል። ሲወጣ ግን እንደ ጎርፍ ነው የወጣው። መጀመሪያ ባለ መብራቱ ኖኪያ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም የጀመረው ቴክኖ፣ ከዚያ ስማቸው በየወሩ የሚለዋወጥ ስማርት ስልኮች። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ የሚወጣ ሰው ይታይ ጀመር። ከዝቋላና ከአበርገሌ ገበያ የሚወጣ ገበሬ የጎረቤቶቹን ስልክ በከረጢት ይዞ መጥቶ በሳንቲም ቻርጅ ያስደርግና ሲመሽ ይመለሳል። እኔም ከሬዲዮ ወደ ስልክ ዞርኩ፤ ዓይኔ ደከመ እንጂ ሙያው ያው ነው።

የሞተ ስልክ ሱቄ ሲገባ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። መጀመሪያ ባትሪው ይወጣል፤ አብጦ ከሆነ ለብቻው አሸዋ ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከተበሳ እሳት ነውና። ስክሪኑ ደኅና ከሆነ ለሌላ ስልክ ይጠበቃል። የቻርጅ መሰኪያው፣ ማይኩ፣ ስፒከሩ፣ የቁልፉ ላስቲክ ተነቅለው በየጣሳቸው ይገባሉ። ከቦርዱም ላይ በሙቅ አየር አንዳንድ አይሲ ይነሳል። አንድ ሞቶ ሦስት አራት ስልክ ያድናል። ይህ ነው የእኛ ሪሳይክል፤ ማንም አላስተማረንም፣ ማንም አልደጎመንም። ግን ሁሉ ከተነቀለ በኋላ አረንጓዴው ቦርድ ይቀራል። ቦርዱ እርሳስ አለበት፣ መዳብ አለበት፣ በጣም ቀጭን የወርቅ ልባስም አለበት። ከወስፌ በታች ምንም የለም ብያችሁ ነበር፤ ከቦርድ በታች ግን ቦርድ አለ፤ እኔ ጋ የሚያደርሰው እንጂ ከእኔ የሚወስደው የለም። ስለዚህ በጆንያ አስቀምጠዋለሁ። ሌሎቹ ጠጋኞችም ያስቀምጣሉ። የሰለቻቸው ወንዝ ዳር ይደፉታል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ወደ ተከዜ ያወርደዋል።

ገዢ ያለው ነገርማ አይቀመጥም። ቆራሌው ሰቆጣም ይመጣል። ብረት በኪሎ፣ አሉሚኒየም በኪሎ፣ መዳብ ከሁሉ በተሻለ ዋጋ ይገዛል። ልዋጩም አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ ሳፋና ባልዲ ይሰጣል። ብረቱ ወልድያና ደሴን አልፎ ወደ ማቅለጫዎች፣ አንዳንዱም እስከ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ይወርዳል፤ እዚያ በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው አካል ባልዲና ሚስማር ሆኖ እንደገና ይወለዳል። ምናለሽ ተራን ያየ ሰው ኢትዮጵያዊ ዕቃ መልሶ መጠቀም አያውቅም አይልም። ችግሩ ቆራሌው የሚገዛው በክብደት መሆኑ ነው። ስልክ ቀላል ነው፤ ሪሲቨርም ብረቱ ተፈልጎ ሆዱ ይጣላል። መዳብ የፈለገ ልጅ ሽቦውን ሰብስቦ ያቃጥለዋል፤ ጥቁሩ ጭስ ሳንባው ውስጥ፣ አመዱ ሜዳው ላይ ይቀራል። እንግዲህ ገበያው የሚፈልገውን ሥጋ ይወስዳል፤ መርዙን ለእኛ ይተዋል።

በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲገባ መብራትም ስልክም ባንክም ተቋረጠ። ሰው በጨለማ አይቀመጥምና ትንንሽ ሶላር፣ የሶላር ፋኖስ፣ የመኪና ባትሪ በየቤቱ ገባ። ሶላር ለዋግ በረከት ነው፤ ከኩራዝ ጭስ አውጥቶናል፤ ፀሐዩም አይነጥፍም። ነገር ግን የርካሹ ፋኖስ ባትሪ ብዙ አይቆይም፤ የትልቁ ሶላር ባትሪ ደግሞ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። የእርሳስ ባትሪ ገዢ አለው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ ቤት አሲዱ ግቢ ውስጥ ይደፋና እርሳሱ በድስት ይቀልጣል። በተከዜ ግድብ ሐይቅ ዓሣ የሚያጠምዱ ልጆች የቀለጠ እርሳስ ለመረባቸው ማስጠሚያ ሲያፈስሱ አይቻለሁ። ሐይቁ ለዝቋላና ለአበርገሌ ሰው አዲስ እንጀራ ነው፤ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሥራ ሲጀምር በረሃው ዓሣ ሻጭ ሆነ። እርሳሱን በባዶ እጅ የሚይዙት ልጆች ማታ ቤታቸው ገብተው ታናናሾቻቸውን ያቅፋሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃን ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አልታወቀም ይላል። እርሳስ አእምሮን ያቀጭጫል፤ የተጎዳውም አይመለስም። ይህ በየትኛውም ከተማ ቢሆን ያስፈራል፤ በሰቆጣ ግን ሌላ ትርጉም አለው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው የተባለው። የከተማችን ስም የሕፃናት አካልና አእምሮ እንዳይቀጭ የተማለበት ስም ነው። ወተትና እንቁላል በአንድ በኩል እየሰጠን በሌላ በኩል እርሳስ ጓሮ ውስጥ ካቀለጥን ቃሉን በአንድ እጅ ጽፈን በሌላው እየፋቅነው ነው።

አገሪቱ ሕግ የላትም እንዳይባል ሕግ አላት። ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 513 ወጥቶ ነበር፤ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን ብቻ የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425 ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። አቃቂ ላይ መንግሥት ያቋቋመው ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የሚያድስና የማይታደሱትን የሚፈታታ ማዕከል አለ። ከዓለም ጋርም በባዝል ስምምነት፣ ከአፍሪካ ጋር በባማኮ ስምምነት ተሳስረናል። እነዚህ ስምምነቶች የተወለዱት ሀብታሙ አገር መርዙን በመርከብ እየጫነ ወደ ድኻው አገር ሲልክ በተነሳ ቁጣ ነው፤ ቁጣው ትክክል ነበር። የዋግ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ወደ እኛ የመጣው ስልክ ቆሻሻ ሆኖ አልመጣም፤ አዲስ ሆኖ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት መጥቶ እዚህ ነው የሞተው። ድንበር ላይ የሚጠብቅ ሕግ ቤት ውስጥ ለሞተ ዕቃ አይደርስለትም።

የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ዘገባ ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች፤ በሥርዓት መሰብሰቡና መታደሱ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። በአፍሪካ ደግሞ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የሚገርመው ይህ መርዝ የተባለው ክምር ሀብትም መሆኑ ነው። ከአንድ ቶን አሮጌ ስልክ 300 ግራም ያህል ወርቅ ሊወጣ ይችላል፤ ከጥሩ የወርቅ ማዕድን ደግሞ ከአንድ ቶን አፈር የሚገኘው ጥቂት ግራም ነው። ግን አንድ ቶን ለመሙላት 10,000 ገደማ ስልክ ያስፈልጋል። የእኔ ጆንያ እዚያ አይደርስም፤ የሰቆጣ ጠጋኞች ሁሉ ጆንያ ቢደመርም በአንድ ዓመት አይደርስም። ወርቁ ያለው ቦርዱ ላይ ሳይሆን ብዛቱ ላይ ነው። ብዛት ደግሞ መንገድ ይፈልጋል፤ የላስታ፣ የራያ፣ የሰሜን ወሎ ጆንያ አንድ ላይ ተጭኖ መውረድ አለበት። አንድ አሞሌ ይዞ ከአርሆ የተነሣ ነጋዴ አልነበረም፤ ንግዱ የሚያዋጣው ቅፍለቱ ሲሞላ ነበር።

ስለዚህ ለሰቆጣ ማቅለጫ ፋብሪካ ይተከልላት አልልም፤ ቀልድ ይሆናል። የምለው ሌላ ነው። ከኮረም በኩልም ከላሊበላ በኩልም እህል፣ ሲሚንቶ፣ ሸቀጥ ጭነው የሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ባዶ ናቸው የሚመለሱት። በሰቆጣ፣ በአምደ ወርቅ፣ በአስከተማና በጽፅቃ አንድ አንድ የታሸገ መጋዘን ይኑር፤ ቦርዱ ለብቻ፣ ያበጠው ባትሪ ለብቻ፣ የእርሳሱ ባትሪ አሲዱ ሳይደፋ ለብቻ ይቀመጥ። የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ግምጃ ቤታቸውን በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበጀት መዝጊያ ሰሞን፣ ወደዚሁ መጋዘን እያስረከቡ ያጽዱ። ጠጋኙና ቆራሌው ላመጡት ይከፈላቸው፤ ፈቃድና ጓንት ይሰጣቸው፤ እንደ ሌባ አይታዩ። ከዚያ የሞላው ጭነት በሚወርድ መኪና ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወርቅና መዳብ ማውጣት ወደሚችል ፋብሪካ ይሂድ።

የመኪናውን ኪራይ ማን ይክፈል? በጨው ዘመን የጫነ ሁሉ ኬላ ላይ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ የማይከፈልበት አሞሌ ሰቆጣ አይገባም። ዛሬም እያንዳንዱ ስልክ፣ እያንዳንዱ ሪሲቨር፣ እያንዳንዱ የሶላር ባትሪ አገር ሲገባ ጉምሩክ ያየዋል። ከዚያ ቀረጥ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለመመለሻው ተቆርጦ ይቀመጥ። አስመጪው ይክፈል፣ እሱም ዋጋው ላይ ይጨምረው፤ እኔም ስልክ ስገዛ ከፍዬዋለሁ ማለት ነው፤ አልከፋም። የሬዲዮና የስልክ መለዋወጫ ከዓለም ዳር ዳገት ወጥቶ ሱቄ ደርሷል፤ የሞተውንም ያመጣው መንገድ ይመልሰው፤ የመንገዱም ዋጋ ዕቃው ሲሸጥ ጀምሮ የተከፈለ ይሁን።